የዓባይ ድልድይ ለጎንደር መንገደኛ ምን ለወጠ?

ከደባርቅና ከዳባት ገብስ፣ ከመተማ ሰሊጥ፣ ከፎገራ ሽንኩርት ጭኖ በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ዓባይን መሻገር ግድ ይለዋል። መሻገሪያው ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው ጠባቡ ድልድይ ነበር።

አንድ መንገድ የሚያሳልፈው የተሽከርካሪ ብዛት የሚወሰነው በጠባቡ ቦታ ልክ ነው። ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለው አስፋልት ቢሰፋም ሰልፉ ወደ ድልድዩ አፍ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ሰልፉ ለሰሊጥ ጫኝ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ለሽንኩርት ጫኝ ግን ኪሳራ ነው።

ነባሩን ድልድይ ማስፋትም ቀላል አይደለም። ምሰሶውና መሠረቱ የተሠሩት አስቀድሞ ለታሰበ ክብደት በመኾኑ፣ ጎኑን መቀጠል ያረጀውን አካል ተጨማሪ ሸክም ማሸከም ይኾናል። ከባድ ተሽከርካሪ ባለፈ ቁጥር የሚያሳድረው ጫናም ዓመት በዓመት ይጠራቀማል።

በመኾኑም በነባሩ አቅራቢያ አዲስ ድልድይ ተገንብቶ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ተሽከርካሪዎችን ጎን ለጎን ያሳልፋል። ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው፤ ብስክሌት ለሚበዛባት ባሕር ዳር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከማማዎቹ የተወጠሩት የብረት ገመዶች የወለሉን ክብደት በከፊል ስለሚሸከሙ፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ተችሏል።

የተፈታው ግን አንዱ ማነቆ ነው። ከመተማና ከባሕር ዳር የሚመጡት መንገዶች አዘዞ ላይ ተገናኝተው ወደ ጎንደር ከተማ የሚገቡት በአንድ መስመር ነው፤ በዚያም የሚሠራው ያው የጠባቡ ቦታ ስሌት ነው።