ለሚፈልጋችሁ ሰው ተገኙ፦ ለኩየራና ለአካባቢው ሙዚቀኞች ስለ ድረ ገጽ

ኩየራ ውስጥ ለሙዚቀኞች ድረ ገጽ እንደምሠራ የሚያውቁ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ቴሌግራም አለን፣ ዩቲዩብ አለን፣ ቲክቶክ አለን፤ ድረ ገጽ ደግሞ ምን ይጨምርልናል?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው። የምጽፈው በተለይ አሳታሚ ሳይኖራችሁ፣ ከራሳችሁ ኪስ አውጥታችሁ ዘፈን ወይም መዝሙር ለምትሠሩት ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ድረ ገጽ ዝነኛ አያደርግም። አዲስ አድማጭ የሚያመጡላችሁ ቲክቶክና ዩቲዩብ ናቸው። ድረ ገጽ የሚጠቅመው አንድ ቦታ ሰምቷችሁ ስማችሁን ይዞ ለሚፈልጋችሁ ሰው ነው። ሠርግ የደገሰ የአርሲ ነገሌ ቤተሰብ፣ ለበዓል ድምፃዊ የሚጋብዝ የሚኒሶታ የኦሮሞ ማኅበር፣ ስለ አካባቢው ሙዚቃ የሚዘግብ ጋዜጠኛ እንደዚህ ያሉ ፈላጊዎች ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ የሙዚቀኛ እንጀራ ግን የሚመጣው ከእነሱ ነው። ፈልገው ካጧችሁ ያገኙትን ይዘው ይሄዳሉ።

ይህን በደንብ የሚያሳየው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆነው በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ተጫውተዋል። «ቼ በለው» የተባለው የባንዱ አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በ1981 ባንዱ ለትርኢት አሜሪካ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻቸውን የተጫወቱበትን አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ ግን አገር ቤት ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ቀጥሏል። ብራየን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት አገኘው። ወደደው፤ የተጫዋቹን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለገ፤ ስልክ ቁጥር አገኘና ደወለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ ዳግመኛ ታተመ። ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ተመልሰው ቆሙ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበማቸውን አወጡ።

ሙዚቃው በእነዚያ 28 ዓመታት ሁሉ ያው ሙዚቃ ነበር። የጎደለው ሰሚውን ከተጫዋቹ የሚያገናኝ ነገር ነው፤ ያንን ክፍተት የሞላው አንድ የስልክ ቁጥር ሆነ። ድረ ገጽ ስትሠሩ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ሰሚው በዕድል ሳይሆን በቀላሉ፣ ዛሬውኑ እንዲያገኛችሁ ታመቻቻላችሁ።

«ታዲያ ይህን የቴሌግራም ቻናሌ አይሠራልኝም?» ብትሉኝ፣ ይሠራል፤ በእጃችሁ ግን አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በአገራችን ሲዘጉ እገዳው እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ቪፒኤን የማይጠቀም ሰው የአብዛኞቹን ሙዚቀኞቻችንን ሥራ ማየት አልቻለም፤ ተራ ድረ ገጾች ግን ይከፈቱ ነበር። በእርግጥ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ እንደሆነው ኢንተርኔት ጠቅላላ ሲቋረጥ እዚህ ሆኖ ምንም አይታይም። እንደዚያም ሆኖ ድረ ገጻችሁ ውጭ አገር ላለው ጋባዥ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ችግሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። ማይስፔስ በአንድ ወቅት የዓለም ወጣት ሙዚቀኞች መሰብሰቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑ ዘፈኖች በሰርቨር ዝውውር ጊዜ መጥፋታቸው ታወቀ፤ 50 ሚሊዮን ያህል ዘፈን ማለት ነው። ሙዚቀኞች የሚወዱት ባንድካምፕም በ2022 ለኤፒክ ጌምስ ተሸጠ፤ በዓመቱ ደግሞ ሶንግትሬደር ለተባለ ሌላ ኩባንያ ተላለፈና ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ተሰናበቱ። እነዚህን መድረኮች ተጠቀሙባቸው፤ እኔም እጠቀማለሁ። ዋናው የሥራችሁ መዝገብ ግን እናንተ ዘንድ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ስማችሁ በጽሑፍ ይኑር። ብዙዎቻችን ስማችንንና ስልካችንን ፖስተር ላይ አሠርተን ፎቶውን ብቻ እንጭናለን። የፍለጋ ሞተር በፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍን በአስተማማኝ አያነብም፤ በተለይ ፊደላችንን። ስለዚህ ስማችሁ፣ ከተማችሁና የምትጫወቱት መሣሪያ በገጹ አናት ላይ በተራ ጽሑፍ ይጻፉ። ስማችሁን ሰው በተለያየ መንገድ ከጻፈው (ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ እንደሚባለው) ስለ እናንተ በሚናገረው አንቀጽ ውስጥ አማራጮቹን ሁሉ አስገቡ። በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም ጨምሩ። አካባቢያችን አፋን ኦሮሞም አማርኛም የሚሰማበት ስለሆነ አጭር መግቢያ በሁለቱም ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛም ሦስት አራት መስመር ይኑር። በቁቤ የሚፈልጋችሁ ሰው በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ገጽ ላያገኝ ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ሥራ አሰሙ። ገጹን የከፈተ ሰው ሃያ ዘፈን አይሰማም፤ የሚሰማው አንድ ነው። ከሁሉ የምትተማመኑበትን አንዱን ከላይ አድርጉት። የሠርግ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀረጸው ይልቅ መድረክ ላይ የተጫወታችሁበት ይሻላል፤ ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው በቀጥታ ምን እንደምትመስሉ ነው። ቪዲዮውን ገጹ ላይ አትጫኑት፤ ከዩቲዩብ አምጥታችሁ አስገቡት። ዋናውን ፋይል ግን በሃርድ ዲስክ፣ ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ።

የሠሩትን ሰዎች ሁሉ ጻፉ። ይህን ከሁሉ አስበልጬ እለምናችኋለሁ። የድሮ ካሴቶችን ስታዩ የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ክራሩን ማን እንደመታ፣ ማን እንዳቀናበረው ግን ብዙ ጊዜ አታገኙም። ዛሬም ዘፈን በቴሌግራም ሲዞር ፋይሉ ላይ የሚቀረው የድምፃዊው ስም ብቻ ነው፤ እሱም ከተረፈ። ድረ ገጻችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ሥራ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ እያንዳንዱን መሣሪያ የተጫወተው ሰው፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ፣ የተቀረጸበት ቦታና ዓመት ይጻፍ። የመዘምራን ቡድን ከሆናችሁ የመሪውንም የዘማሪዎቹንም ስም አስፍሩ። ኩየራ የአድቬንቲስት ትምህርት ቤት ከተተከለበት ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመዝሙር ከተማ ናት፤ የዘማሪዎቿ ስም በሰው ትዝታ ውስጥ ብቻ መቅረት የለበትም። ጉዳዩ የክብር ብቻም አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ክርክር ቢነሳ፣ ሥራው በወጣበት ቀን በግልጽ የተጻፈ መዝገብ አላችሁ።

ስለ ግብዣ ያለው ክፍል ጥያቄ አያስቀር። የሚደውለው ሰው ሁሌ የሚጠይቀውን ታውቁታላችሁ፦ ስንት ሰው ሆናችሁ ትመጣላችሁ? ሳውንድ ሲስተም የናንተ ነው ወይስ የኛ? ሐዋሳና አዳማ ትሄዳላችሁ? ቀብድ ስንት ነው? ቀኑ ቢቀየርስ? እነዚህን በአጭሩ መልሱ። ዋጋ መጻፍ ካልፈለጋችሁ ተዉት፤ ቀብድ እንደምትቀበሉና ቀኑ የሚያዘው ቀብድ ሲከፈል መሆኑን ግን ግልጽ አድርጉ። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቶሎ ስለሚያዙ የተያዙ ቀናትን ማሳየት ሁለታችሁንም ከድካም ያድናል። ስልክና ቴሌግራም ለአገር ቤት ይበቃል፤ ለውጭ ጋባዥ ግን ኢሜይል የግድ ነው፤ ደብዳቤም ውልም የሚላከው በእሱ ነውና።

ገንዘብ የሚገባበትን መንገድ ቀድማችሁ ጨርሱ። አገር ውስጥ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩን አቅልሎታል፤ ቁጥሩንና የተመዘገበበትን ስም አንድ ላይ ጻፉ። ከውጭ ሲሆን ይከብዳል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ወስዶ ቀሪውን የሚልከው በፔይፓል ነው፤ ፔይፓል ደግሞ እዚህ ላለ ሰው ገንዘብ መቀበልን አይፈቅድም። ስለዚህ ብዙዎች ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ይሠራሉ። ዘመድም ቢሆን ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፤ ማን ምን ያህል ይወስዳል፣ በየስንት ጊዜ ይልካል የሚለው ይስፈር። እንዲህ ካደረጋችሁ ገንዘቡም ዝምድናውም ይተርፋል።

ገጹ ቀላል ይሁን። እዚህ አብዛኛው ሰው የሚከፍተው በስልክ፣ በገዛው ጥቂት ሜጋ ባይት ነው። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ሜጋ ባይት ይመዝናል፤ ሳይደበዝዝ ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ባይት ማውረድ ይቻላል። ሲከፈት ራሱ የሚጮህ ሙዚቃ፣ የሚንቀሳቀስ ጌጥ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ይቅር። አንድ ገጽ ይበቃል። ሲያልቅ ርካሽ ስልክ ላይ፣ ኔትወርክ በደከመበት ሰዓት ከፍታችሁ ፈትሹት።

ስሙ በእናንተ ስም ይመዝገብ። የድረ ገጽ አድራሻ፣ ዶሜይን የምንለው፣ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ነጥብ ኮም ከሆነ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ባለሙያው ከፍሎ በራሱ ስም ያስመዘግበዋል። ከተጣላችሁ ወይም ስልኩን ከቀየረ ስማችሁ እሱ ጋ ቀረ ማለት ነው። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ፤ በነጥብ ኢቲ የሚያልቅ አድራሻ ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ይገኛል። በየትኛውም ብትሄዱ የምዝገባው ኢሜይልና የይለፍ ቃል የናንተ ይሁን፤ የእድሳቱን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እኔ ለማንም ስሠራ የመጀመሪያው ሥራዬ ይህ ነው፤ ባለሙያችሁ ሲያመነታ ካያችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለመጀመር ገንዘብም ኮምፒውተርም አያስፈልጋችሁም። በዚህ ሳምንት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሦስት ዘፈን ወይም መዝሙር ምረጡና ለእያንዳንዱ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ የትና መቼ እንደተቀረጸ ጻፉ። የረሳችሁት ካለ አብሯችሁ ለሠራው ሰው ደውሉ። ከሥሩ ስማችሁን በሚጻፍበት መንገድ ሁሉ፣ ስልካችሁን፣ ኢሜይላችሁንና ለግብዣ የሚጠየቁትን አምስት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አክሉ። ያን ወረቀት የያዘ ሙዚቀኛ የድረ ገጹን ከባድ ክፍል ጨርሷል፤ የቀረውን ማንኛውም ደህና ባለሙያ በጥቂት ቀን ያደርሰዋል።