ለተራራ ሽርሽር የሚሆኑ ቃላት፦ ከገሱባ ዳገቶች የተነሣ የስያሜ ጥያቄ

የስያሜ ሥራ ብዙ ጊዜ የጠረጴዛ ሥራ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ስሕተታቸው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን በዳገት ላይ የሚታወቅ ቃላት አሉ። ወደ ተራራማ አገር ለሚመጣ እንግዳ የሚዘጋጁ መምሪያዎችና በመንገድ ዳር የሚተከሉ ሰሌዳዎች የሚጻፉት በእንዲህ ያሉ ቃላት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ የቃላት መስክ በአጭሩ እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችንንም በይበልጥ የምንወስደው ከወላይታ፣ በተለይም የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከገሱባና ከአካባቢዋ ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን ስለ ወላይታ ደጋ የተዘጋጀና ለእርማት የቀረበልን አንድ የጎብኚዎች መምሪያ ረቂቅ ነው። ከባዕድ ቋንቋ የተመለሰው ይህ ረቂቅ በምንጩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ከምሳ በፊት ደርሰው የሚመለሱበት ቀላል መንሸራሸር ነው። ሁለተኛው ስንቅ ተይዞ ከጠዋት እስከ ማታ የሚኬድ የእግር መንገድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በገመድና በሠለጠነ መሪ ብቻ የሚሞከር ገደል ነው። ተርጓሚው ሦስቱንም «ጉዞ» ብሏቸዋል። ቃሉ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ሦስቱም ጉዞዎች ናቸውና። ነገር ግን አረጋዊ እናቱን ይዞ የመጣ አንባቢ የትኛው «ጉዞ» ለእርሳቸው እንደሚሆን ከዚያ ጽሑፍ ሊረዳ አይችልም። እኛም የምንጠይቀው ይህን ነው፦ አማርኛ ሦስቱን የሚለይበት ቃል አጥቷልን? ወይስ ተርጓሚው ሳይፈልገው ቀርቷል?

1. የመሬቱ ቃላት

ከገሱባ ገበያ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ ገበሬ ጀርባው ላይ ሸክም አለ፤ ከፊቱም እንሰቱና ቦይናው፣ ማለትም ጎደሬው፣ ይጠብቁታል። ለእርሱ ዳገት የሥራ መንገድ እንጂ የመዝናኛ ቦታ አይደለም። በሰሜን ያለው የአማርኛ ተናጋሪ ባላገርም እንደዚሁ ነው። ከዚህ የተነሣ ቋንቋችን ለመሬቱ ዐይነት የበለጸገ፣ ያለ ጉዳይ ለሚደረግ መንገድ ግን የሳሳ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የመሬቱን ቃላት ከሕዝቡ እንሰበስባለን፤ የተግባሩን ቃላት ግን ካሉት ቃላት መርጠን ፍቺያቸውን እንወስናለን።

የመሬቱ ቃላት ምን ያህል ጠቃሚ እንደ ሆኑ ጥቂቶቹን ብቻ እንይ። «ዳገት» ሽቅብ ያዘነበለው መሬት ነው፤ «አቀበት» ግን በዚያ መሬት ላይ ሽቅብ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ተቃራኒውም «ቁልቁለት» ነው። «አፋፍ» ከ«አፍ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን ሜዳው አልቆ ገደሉ የሚጀምርበትን ጠርዝ ያመለክታል። «ግርጌ» የተራራው እግር፣ «ወገብ» መካከሉ ነው። «ጭንጫ» ድንጋያማውን፣ «ድጥ» የሚያንሸራትተውን፣ «ማጥ» እግር ውጦ የሚያስቀረውን መሬት ይገልጻሉ። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው ብሂል የሁለቱን ልዩነት ሳያስረዱት የሚረዳ ሕዝብ የፈጠረው ነው።

እነዚህ ቃላት ጌጥ አይደሉም። የወላይታ ቀይ አፈር በበልግና በክረምት ዝናብ ሲርስ ቁልቁለቱ ሁሉ ድጥ ይሆናል። በረቂቁ ላይ «በዝናብ ወቅት መንገዱ አመቺ አይደለም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እኛ «ዝናብ ከጣለ ቁልቁለቱ ድጥ ነው፤ ወደ አፋፉ አይጠጉ» በሚል ተክተነዋል። የፊተኛው ለመጽናናት የሚበቃ ነው፤ የኋለኛው ግን ሰውን ያድናል። መንታውን የአጆራ ፏፏቴ፣ ማለትም የአጃንቾንና የሶኬን ወንዞች አወራረድ፣ ለማየት የሚሄድ ሰውም ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ቃል «አፋፍ» የሚለውን ነው።

2. የተግባሩ ቃላት

በዚህ ረገድ ዘወትር የሚነሡት ጎበኘ፣ ተዝናና፣ ተናፈሰና ተንሸራሸረ የሚሉት ግሦች ናቸው።

«ጎበኘ» የሰውን ወይም የነገርን ሁኔታ ሄዶ አየ ማለት ነው። ሕመምተኛ ይጎበኛል፤ እርሻ ይጎበኛል፤ ሹምም ግዛቱን ይጎበኛል። በሦስቱም አነጋገሮች የሚጎበኘው ነገር ባለቤት አለው፤ ጎብኚውም ደኅንነቱን ጠያቂ ነው። ስለዚህ «ጎብኚ» የሚለው ቃል «ቱሪስት» የማይሸከመውን የጨዋነት ግዴታ ይሸከማል። «ቱሪዝም» ግን የመስተንግዶውን፣ የትራንስፖርቱንና የንግዱን ዘርፍ በጠቅላላው ስለሚያመለክት በውሰት ቃልነቱ ቢቀጥል ጉዳት አይታየንም።

«ተዝናና» ልብን ከጭንቀት አሳረፈ ማለት ነው። ይሁን እንጂ «መዝናኛ» በከተሞቻችን ሰሌዳዎች ላይ ብዙ ጊዜ ምግብና መጠጥ የሚሸጥበትን ቤት ያመለክታል። «የተራራ መዝናኛ» ብለን ብንጽፍ አንባቢው በተራራው ራስ ላይ ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት ይፈልጋል። «መናፈሻ» ከ«ነፈሰ» የወጣ ቢሆንም የታጠረና የተዘጋጀ የአትክልት ስፍራን ስለሚያሳስብ የገበሬ ማሳና የግጦሽ መሬት በመናፈሻ ስም ሊጠራ አይገባውም። ስሙ መሬቱን ባዶና የጋራ አስመስሎ ያቀርባልና። ወላይታ ሰው በብዛት ከሰፈረባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ እንደ መሆኑ ጎብኚው የሚረግጠው ዱካ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ደጃፍ የሚያልፍ ነው።

«ተንሸራሸረ» በዝግታ ወዲያና ወዲህ ማለትን ይገልጻል። «ሽርሽር»ም ሲመሽ ወደ ቤት መመለስን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ለመጀመሪያው፣ ለቀላሉ ዐይነት፣ ከዚህ የሚሻል ቃል አላገኘንም። ለሁለተኛው «የእግር ጉዞ» በቂ ነው፤ «ጉዞ» ብቻውን የማይለየውን «የእግር» የሚለው ይለይለታል።

ሦስተኛው አስቸጋሪ ነው። «ተራራ መውጣት» ተለምዷል፤ ነገር ግን እንጨት ለቀማ የወጣችም ሴት «ተራራ ወጣች» ትባላለች። ሐረጉ ገመድን አያሳስብም። በአንጻሩ አገራችን በገመድ መውጣትን ከጥንት ታውቀዋለች፤ በትግራይ ወደሚገኘው ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው በጠፍር ገመድ ተይዞ ነው። ስለዚህ «በገመድ ገደል መውጣት» የሚለውን እናቀርባለን። ረዘም ይላል፤ ሆኖም ማንንም አያሳስትም።

የማደሩም ነገር ጥንቃቄ ይሻል። «ሰፈራ» ሕዝብን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወርን ስለሚያስታውስ ለዚህ አይሆንም። «ውጭ አዳር» የሚለውም በአነጋገር ዘንድ የሐሜት ጥላ አለበት። ድንኳን ብቻውን ሲነሣ ደግሞ ሠርግ ወይም ለቅሶ ይታሰባል። ሁለቱ ተጣምረው «የድንኳን አዳር» ሲባሉ ግን አንዱ የሌላውን ጥላ ያስወግዳል።

በሠራተኞቹም ስም ልዩነት አለ። በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወደ ሳንካበር፣ ጊችና ጨነቅ የሚሄድ ጎብኚ አስጎብኚውን፣ ጠባቂውንና በቅሎ ነጂውን በየሙያቸው ያውቃቸዋል። «አስጎብኚ» የሚያየውን ነገር የሚያስረዳ ነው፤ «መንገድ መሪ» ግን ዱካውን የሚያውቅ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይገናኙም። በገሱባ ዙሪያ ጭጋግ በወረደ ጊዜ የሚያስፈልገው የኋለኛው ነው።

3. የቦታ ስሞችና ባለቤቶቻቸው

እስካሁን የተናገርነው ስለ አማርኛ ቃላት ነው። የቦታው ስሞች ግን የወላይትኛ ናቸው፤ ተርጓሚም በእነርሱ ላይ ያለው ሥልጣን እጅግ ጠባብ ነው። ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመው ተራራ «ዳሞታ» ነው። «ዳሞት» ደግሞ በጎጃምም፣ በመካከለኛው ዘመን ታሪክም፣ እንደ ዳሞት ጋሌና ዳሞት ሶሬ ባሉት የወላይታ ወረዳዎች ስምም ይገኛል። «ዳሞታ»ን የፊደል ግድፈት መስሎት ወደ «ዳሞት» ያረመ ተርጓሚ አንባቢውን ወደ ሌላ አገር ይሰደዋል። በዚሁ ተራራ ላይ የሚገኘው ሞቼና ቦራጎ ከ40,000 ዓመታት በፊት የሰው ልጅ የተጠለለበት የቅሪተ ባህል ስፍራ ነው። ይህንም «ዋሻ» ማለት አይበቃም፤ ወደ ውስጥ የጠለቀ ሳይሆን አለቱ ከላይ የከለለው ስፍራ ነውና «የአለት ጥግ» ቢባል ይቀርባል።

«ኬላ» ሌላው ማሳሳቻ ነው። በአማርኛ ቀረጥ የሚከፈልበት ወይም ፍተሻ የሚደረግበት ቦታ ነው። በወላይታና በዳውሮ ታሪክ ግን ከነገሥታቱ ስም ጋር ተያይዞ ሲጠራ የድንጋይ ካብ ምሽግን ያመለክታል፤ የዳውሮው ሀላላ ኬላ ለዚህ ምስክር ነው። ቃሉን ተርጉሞ «የፍተሻ ጣቢያ» ማለት ታሪኩን መሰረዝ ነው። በአሮጌ መጻሕፍት የሚገኘውን «ወላሞ» የሚለውንም ስያሜ ሕዝቡ ስለማይቀበለው በትርጉም ሥራ «ወላይታ» ማለት ይገባል።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስሞች መነሻ ፊደላት «ወጋጎዳ» ተብሎ የተሰየመ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ በመማሪያ መጻሕፍት በቀረበ ጊዜ በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ከአገልግሎት ወጡ። የቋንቋ ባለሙያ ከዚህ የሚማረው፣ ቃል በባለቤቱ ፊት ሳይመከርበት ሲወሰን ነገሩ ከሰዋስው ክርክር እጅግ አልፎ እንደሚሄድ ነው። የአንድ ኮረብታ ስም በሰሌዳ ላይ ተጣሞ መጻፉ ከዚያ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ ሥሩ ግን አንድ ነው።

4. ስለ ውሰትና ስለ ነጻ ትርጉም

በአዲስ አበባ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ እንጦጦ፣ ወደ የረርና ወደ ወጨጫ የሚወጡ ወጣቶች «ሀይኪንግ» ይላሉ። ቃሉ ባዕድ ስለሆነ ብቻ አንነቅፈውም። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ረቂቁ በ«ጉዞ» እንዳደረገው ሁሉ ወጣቶቹም ቀላሉንና ከባዱን በአንድ ቃል ይጠቀልሉበታል። ስለዚህ መልካም ስያሜ የሚመዘነው በትውልዱ ሳይሆን በሚለየው ነገር ነው።

በጎ ምሳሌም በቤታችን አለ። የአገራችን የቱሪዝም መሥራች የሆኑት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለውጭው ዓለም ስለ ዐሥራ ሦስት ወራት የፀሐይ ብርሃን ሲናገሩ በአማርኛ የተለመደው «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው ነው። ከብርዳም አገር ለሚመጣ ሰው ፀሐይ ስጦታ ናት፤ ዝናብ ለሚጠብቅ ገበሬ ግን ዐሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ የድርቅ ዜና ነው። «ጸጋ» የተባለው ቃል ሁለቱንም አንባቢዎች ሳያስከፋ አስታርቋል። የተርጓሚ ጥበብ ይህ ነው።

5. የቀረቡ ስያሜዎች

ሽርሽር፦ በግማሽ ቀን ውስጥ ተኪዶ የሚመለሱበት፣ ያለ ስንቅና ያለ መሪ የሚደረግ ቀላል የእግር መንሸራሸር።

የእግር ጉዞ፦ ስንቅ ተይዞ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ በአቀበትና በቁልቁለት የሚደረግ ጉዞ። ርዝመቱ በሰዓት መገለጽ አለበት።

በገመድ ገደል መውጣት፦ ያለ ገመድና ያለ ሠለጠነ መሪ የማይሞከር አወጣጥ።

የድንኳን አዳር፦ በጉዞ መካከል ከመንደር ውጭ በድንኳን ማደር። የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ይቅደም።

መንገድ መሪ፦ ዱካውን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው። አስጎብኚ፦ የሚታየውን የሚያስረዳ ባለሙያ።

ዱካ፦ በእግር ብዛት የወጣ ቀጭን መንገድ። ጥርጊያ መንገድ፦ ሆን ተብሎ የተጠረገ።

የአለት ጥግ፦ ከላይ በአለት የተከለለ፣ ወደ ውስጥ ያልጠለቀ መጠለያ።

ተርጓሚዎች አዲስ ቃል ከመፍጠራቸው በፊት በ1951 ዓ.ም. የታተመውን የከሣቴ ብርሃን ተሰማንና በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዛግብተ ቃላት ቢገልጡ፣ ከዚያም ወደ ቦታው ሄደው ዱካውን በእግራቸው ቢወጡት ድካማቸው ከንቱ አይሆንም። እኛም ረቂቁን አርመን ስንመልስ «ጉዞ» የሚለውን በየቦታው ሰርዘን ከሦስቱ ስያሜዎች የሚስማማውን ተክተናል፤ የኮረብታዎቹንና የወንዞቹን ስሞች ግን የወላይትኛ ተናጋሪዎች አንብበው እስኪያጸድቋቸው ድረስ ሳንነካቸው አቆይተናል። አንባብያን በየአካባቢያቸው ለዳገት፣ ለድጥና ለአፋፍ የሚነገሩ ሌሎች ቃላትን ከነአገባባቸው ቢልኩልን ለወደፊቱ እትም በምስጋና እንቀበላለን።