የትምህርት ቤት በጀት ከአገር አገር ለምን ይለያያል?

አንድ ሕፃን በሆሳዕና አቅራቢያ ባለ የገጠር ቀበሌ፥ ሌላው ደግሞ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ዓመት ተወልደው፥ ሁለቱም በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ቢገቡ፥ ከ12 ዓመት በኋላ የሚጠብቃቸው ፈተና አንድ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ የማለፊያውም ነጥብ አንድ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ለሁለቱ የወጣላቸው ገንዘብ ግን እኩል አይደለም። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ መርምሮ ማወቅ የሹማምንት ሥራ ብቻ ሳይሆን ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ሥራ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ጽሑፋችን ነገሩን ለወላጆች ልናብራራ አስበናል።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ጥቂት ቍጥሮች ያስረዳሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆኑ። ይህን የሰማ ብዙ ሰው ጥፋቱን በልጆቹ ስንፍና ላይ ጣለው። እኛ ግን ልጅን ከመውቀሳችን በፊት ምን ሰጥተነው ምን እንደጠየቅነው ማሰብ ይገባናል እንላለን።

አባቶቻችን ስለ ትምህርት ወጪ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። የአብነት ተማሪ ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሄዳል። በደረሰበትም ሁሉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን፥ ባላገሩ የትውልድ አገሩን ሳይጠይቅ ቍራሹን ያካፍለዋል። ስለዚህ የትምህርቱን ወጪ የሚችለው የተማሪው አባት ብቻ አልነበረም፤ አገር በሙሉ ነበር እንጂ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ርቆ ሄዶ መማር የቻለው ጥቂት ወንድ ልጅ ነው። ለሁሉም ልጅ፥ ለሴቲቱም ለወንዱም ይዳረስ የተባለው የዘመናዊ ትምህርት ወደ ልጁ ደጅ መምጣት አለበት። ወደ ደጁ ሲመጣም «የዚህን ደጅ ወጪ ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ።

ለዚህ ጥያቄ በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ አንድ መልስ ሰጥቶ ነበር። ግብሩ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ ከተመደበው መሬት ላይ ይሰበሰባል፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ በተቋቋሙት የትምህርት ቦርዶች አማካይነት በዚያው አገር ላሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይውላል። አሳቡ መልካም ነበር፤ ሰው የከፈለው ግብር በዓይኑ ፊት ትምህርት ቤት ሆኖ ይታየዋልና። ጕድለቱም ከዚሁ ከመልካሙ አሳብ የመጣ ነው፤ ብዙ ግብር የሚገባበት አገር ብዙ ያገኛል፥ መሬቱ ጠፍ የሆነበት ግን በጠፍነቱ ላይ ያልተማረ ልጅ ይጨመርበታል። ሆሳዕና ያን ጊዜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ያለች የአውራጃ ከተማ ነበረች። የሸዋ ስም ከመናገሻው ከተማ ጋር ሲነሣ ሀብታም ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የጠቅላይ ግዛቱ ድርሻ ትልቅ መሆኑ የሩቁ አውራጃ ድርሻም ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ይህ ነገር ዛሬም ሊዘነጋ አይገባም፤ አማካይ ቍጥር በውስጡ ያለውን ልዩነት ይሸፍናልና።

ዛሬ ሥርዓቱ ተለውጧል። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ የሚያከፋፍለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባጸደቀው ቀመር ነው። ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ቀመሩ የእያንዳንዱን ክልል የወጪ ፍላጎትና ገቢ የማግኘት ችሎታ አነጻጽሮ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። ክልሉም ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተዘረጋው አሠራር ለወረዳዎቹ በጥቅል በጀት ያካፍላል፤ ወረዳውም ለትምህርት፥ ለጤና፥ ለእርሻና ለሌላውም ይደለድላል። እንግዲህ የመምህሩ ደመወዝ የሚወጣው ከወረዳው ሣጥን መሆኑን ወላጅ ሁሉ ይወቅ። የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተከፋፍሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፥ ሐዲያና ከምባታ በአዲሱ ክልል ውስጥ ገብተዋል፤ ሆሳዕናም የክልሉ መቀመጫ ሆናለች።

ቀመር ካለ ልዩነቱ ከየት መጣ? በምሳሌ እናስረዳ። የአንድ መምህር የወር ደመወዝ 10 ሺህ ብር ነው እንበል። በክፍሉ 40 ልጆች ቢኖሩ፥ ለእያንዳንዱ ልጅ በወር የሚደርሰው 250 ብር ነው። ልጆቹ 80 ሲሆኑ ወደ 125 ብር ይወርዳል። 20 ብቻ ሲሆኑ ደግሞ 500 ብር ይሆናል። መምህሩ አንድ፥ ደመወዙም አንድ ነው፤ የተለወጠው የልጆቹ ብዛት ብቻ ነው። የከምባታና የሐዲያ ደጋ፥ እንሰት በየጓሮው የሚተከልበት፥ ሕዝብ እጅግ ከሰፈረባቸው የአገራችን ገጠሮች አንዱ ስለ ሆነ፥ ክፍሉ ይሞላል፤ የልጁም ድርሻ ያንሳል። እንደ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሉት ሕዝባቸው ጥቂትና የተበታተነ በሆነ ክልሎች ግን በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ድጎማ ከፍ ይላል። ይህን አይቶ «እነርሱ ተመቻቸው» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ትምህርት ቤቱ የተራራቀ፥ መንገዱ አስቸጋሪ፥ ዕቃ ማጓጓዣውም ውድ በሆነበት አገር ለአንድ ልጅ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ እንኳ ትምህርቱ ላይበረታ ይችላልና።

ሁለተኛው ምክንያት የመምህራኑ ዕድሜና ማዕርግ ነው። ብዙ ዘመን ያገለገለ መምህር ደመወዙ ከፍ ይላል፤ እንዲህ ያለውም መምህር ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ከተማ መዛወር ይፈልጋል። በገጠር የሚቀረው አዲስ ተመራቂው ነው። ስለዚህ ማንም ሳያዝ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የከተማው ትምህርት ቤት ብዙ ገንዘብ፥ የገጠሩ ጥቂት ገንዘብ ይወስዳል።

ሦስተኛው የወረዳው የራሱ ገቢ ነው። አብዛኛው የወረዳ የትምህርት በጀት በደመወዝ የሚያልቅ በመሆኑ፥ ገቢው በትንሹ የተናወጠ ወረዳ ወዲያው ይቸገራል። በ2016 ዓ.ም. በሐዲያ ዞን ባሉ ወረዳዎች የመምህራን ደመወዝ ዘግይቶ ትምህርት እስከ መቋረጥ መድረሱ በዜና ማሰራጫዎች ተነግሯል። በጊዜው ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ወረዳዎቹ ያለባቸው የማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ይህን ልብ ብለን እንመልከት፤ ገበሬው ለማሳው የተበደረው ማዳበሪያ ዞሮ የልጁን መምህር ደመወዝ ነካ። በአንድ ሣጥን የሚቀመጥ ገንዘብ እንዲህ ነው፤ አንዱ ወገን ሲጎድል ሌላው ይጎድላል።

ከደመወዝ የተረፈው ለጠመኔ፥ ለመጽሐፍ፥ ለወንበርና ለቤተ ሙከራ ካልበቃ፥ ጭነቱ ወደ ቤታችን ይመለሳል። የአዲስ አበባ ከተማ የራሱ ሰፊ ገቢ ስላለው፥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ማደል፥ ቁርስና ምሳም መመገብ ጀመረ፤ የሚመሰገን ሥራ ነው። በገጠሩ ያለች እናት ግን ደብተሩን የምትገዛው ቅቤና ቆጮ ሸጣ ነው። ገበያው ካልሠመረላት፥ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ብዙ ጊዜ ሴት ልጇ ናት።

የዚህን ውጤት በሆሳዕና መናኸሪያ የቆመ ሰው ያየዋል። ከዱራሜና ከሾኔ፥ ከዶዮገናም መኪና እየመጣ ሰው ያራግፋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም 230 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጓዝ ይሞላል። በጠዋት ትምህርት ቤት መገኘት የነበረበት ልጅ ጫማ ይጠርጋል ወይም ዕቃ ይሸከማል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ከዚሁ መናኸሪያ ተነሥቶ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ይጀምራል፤ ከሐዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት በዚያ መንገድ እንደሄደ፥ ስንቱም በመንገድ እንደቀረ ወላጆች ያውቁታል። ለስደት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ «ተምሬ የት እደርሳለሁ?» የሚለው ተስፋ መቍረጥ ግን ከነዚያ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፥ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፥ ኤጅውድ የሚባለው የድኾች ሰፈር ትምህርት ቤቶች በ1960 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ 356 ዶላር ሲያወጡ፥ ጎረቤቱ አላሞ ሃይትስ 594 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ምክንያቱም የትምህርቱ ገንዘብ በከፊል የሚሰበሰበው በየሰፈሩ ካለው ቤትና ንብረት ግብር ነበርና። ወላጆቹ ከስሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ፤ በ1965 ዓ.ም. ግን 5 ዳኞች በ4 ላይ ድምፅ ሰጥተው ፈረዱባቸው። ጃፓን ግን በሌላ መንገድ ሄደች፤ ለግዴታው ትምህርት የመምህራን ደመወዝ አንድ ሦስተኛውን ማዕከላዊው መንግሥት ይከፍላል፥ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም ግማሹን ይከፍል ነበር። በዚህም የድኻው አውራጃ መምህር ደመወዝ በድኻው አውራጃ ገቢ ብቻ እንዳይወሰን አደረጉ። የኛም ባለ ሥልጣኖች ሊያስቡበት የሚገባ ምሳሌ ይመስለናል።

እኛ ወላጆችስ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ እንጠይቅ። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፥ የመምህርና የተማሪ ኅብረት አለ፤ ስብሰባውም የሚጠራው ገንዘብ ለመዋጮ ብቻ አይደለም። ለዓመቱ የተፈቀደው ገንዘብ ስንት ነው? በተማሪ ቍጥር ልክ የሚሰጠው የትምህርት ቤት ድጎማ ደርሷል ወይ? ደርሶስ በምን ላይ ዋለ? ይህን በትሕትና፥ ነገር ግን በግልጽ መጠየቅ መብታችን ነው።

ሁለተኛ እንርዳ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፥ በውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን በሆሳዕናና በዱራሜ ፎቅ ሲሠሩ፥ ለተማሩበት ትምህርት ቤት አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ ቢጨምሩ ስማቸውን ያስጠራል። ሆኖም መዋጮም እንደ ግብሩ ሁሉ ካለው ዘንድ ይበዛል፥ ከሌለው ዘንድ ያንሳል። የነጋዴዎች ሰፈር ትምህርት ቤቱን በአንድ ክረምት ያድሳል፤ የገጠሩ ቀበሌ ድንጋይ ተሸክሞ እንኳ ቆርቆሮ ያጥረዋል። ስለዚህ መዋጮ የመንግሥትን ግዴታ አይተካም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ያዛል።

እኩል ማካፈል ሁልጊዜ ትክክል ማካፈል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ያላቸውን በአንድነት አድርገው ሲያካፍሉ፥ ለእያንዳንዱ የሚሰጡት እንደሚያስፈልገው መጠን ነበር እንጂ በቍጥር ብቻ አልነበረም። በቤታችንም የታመመው ልጅ ወተቱን አስቀድሞ ይጠጣል፤ ጤነኛውም ተበደልሁ አይልም። የአገር በጀትም እንዲሁ ቢሆን፥ በሆሳዕና ገጠር የተወለደው ልጅና በአዲስ አበባ የተወለደው ልጅ ለአንድ ፈተና ሲቀመጡ ፈተናው በእውነት አንድ ይሆናል።