አዮንና አቶም በዝግታ ሲጋጩ ኤሌክትሮን እንዴት ይወጣል?

ኤሌክትሮን ከአቶም የሚለየው በብርቱ ሲመታ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ይገኛል። አዮኑ ዝግተኛ በሚሆንበት ጊዜ ግን ይህ አስተሳሰብ እንደማይሠራ ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

ዝግተኛ አዮን የምንለው ፍጥነቱ በአቶሙ ውስጥ ከሚዞረው ኤሌክትሮን ፍጥነት ያነሰውን ነው። በከፋ ጫካ ቡና የሚለቅም ሰው ቅርንጫፉን በቀስታ ሲያጎነብሰው ፍሬው አብሮ ይመጣል፤ በድንገት ቢለቀው ግን የበሰለው ይረግፋል። ኤሌክትሮኑም አዮኑ በዝግታ ሲቀርበው ከአዲሱ ሁኔታ ጋር እየተስማማ ይሄዳል እንጂ አይረግፍም።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 25,000 ኤሌክትሮን-ቮልት ጉልበት ያለው የአርጎን አዮን በሰከንድ 350 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን ፍጥነት እንኳ 2,200 ኪሎሜትር ያህል ነው። አዮኑ ከኤሌክትሮን 73,000 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ በቆመ ነጻ ኤሌክትሮን ላይ ፊት ለፊት ቢገጥም የሚሰጠው ጉልበት ከ1.4 ኤሌክትሮን-ቮልት አይበልጥም። ከአርጎን አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለማላቀቅ ግን 15.8 ያስፈልጋል። ሆኖም አርጎን ከአርጎን ጋር ሲጋጭ 200 ኤሌክትሮን-ቮልት ያህል የያዙ ኤሌክትሮኖች ሲወጡ በሙከራ ታይቷል። ታዲያ ይህ ጉልበት ከየት መጣ?

ማብራሪያውን ኡጎ ፋኖና ዊልያም ሊክተን እ.ኤ.አ. በ1965 አቀረቡ። ሁለቱ ኑክሌየሶች በጣም ሲቀራረቡ ኤሌክትሮኖቹ ለቅጽበት የአንድ ሞለኪውል ይሆናሉ። በፓውሊ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ደረጃ የሚይዘው የኤሌክትሮን ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ፣ ከውስጠኞቹ አንዳንዱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ደረጃዎቹ በሚገናኙበትም ስፍራ ወደ ሌላው ይሻገርና ኑክሌየሶቹ ሲራራቁ ወደ ቀድሞ ቦታው ሳይመለስ ይቀራል። ባዶውን ቦታ ከውጭ የወረደ ኤሌክትሮን ይሞላዋል፤ በመውረዱ የተረፈውን ጉልበት ሌላው ተቀብሎ ከአቶሙ ይወጣል። ይህ የኋለኛው የኦዤ ሂደት ይባላል። እንግዲህ ጉልበቱ የተገኘው ከኑክሌየሶቹ እንቅስቃሴ ነው።

ይሁን እንጂ መቀራረብ ብቻውን አይበቃም። ከቦንጋ በላይ በ300 ኪሎሜትር ከፍታ የኦክሲጅን አዮኖች በሰከንድ አንድ ኪሎሜትር ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ጉልበታቸው ከአንድ ኤሌክትሮን-ቮልት በታች ስለሆነ ከአቶሞች ጋር ኤሌክትሮን ይለዋወጣሉ እንጂ ነጻ አያወጡም፤ በዚያ ከፍታ ይህን ሥራ በቀን የሚሠራው በተለይ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ስለዚህ ማናቸውንም ግጭት ስንመረምር አስቀድመን ሁለት ነገር ማነጻጸር ይገባናል፤ የአዮኑን ፍጥነት ከኤሌክትሮኑ ፍጥነት ጋር፣ የአዮኑንም ጉልበት ኤሌክትሮኑን ለማላቀቅ ከሚያስፈልገው ጉልበት ጋር።