የቤት ኮምፒዩተር መጠባበቂያ ቅጂ አመራረጥ

ገበሬ የዘሩን እህል ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጣል። ክረምቱ ቢከፋና ጎተራው ቢጎድል እንኳ ዘሩን በቀላሉ አይነካውም፤ የሚመጣው ዓመት እርሻ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰውም ለጽሑፉ፣ ለፎቶግራፉና ለሒሳብ መዝገቡ እንዲህ ያለ ዘር ሊኖረው ይገባል። ይህ ዘር መጠባበቂያ ቅጂ ይባላል። ቅጂው የሚዘጋጅበት መንገድ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ ለቤት የሚስማማውን ለመምረጥ በቅድሚያ የሚጠፋው ምን እንደ ሆነና በምን ምክንያት እንደሚጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ኮምፒዩተሩ ተበላሸ» ሲባል ነገሩ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አንደኛው፣ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ፣ መነሣት ሲያቅተው ነው። በዚህ ጊዜ የባለቤቱ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ደኅና ሆነው ይቆያሉ፤ ፕሮግራሙም እንደገና ሊጫን ይችላል። ሁለተኛውና የከፋው ዲስኩ ራሱ ሲሞት ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከሩ ሳሕኖች አሉ። የሚያነበውና የሚጽፈው ጫፍ ሳሕኑን ሳይነካ፣ በዐይን በማይታይ ጠባብ ክፍተት ከበላዩ ይንሳፈፋል። ዲስኩ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ጫፉ ሳሕኑን ሊፍቀው ይችላል፤ በተፋቀው ቦታ የነበረውም ጽሑፍ አይመለስም። መብራት በድንገት ሲጠፋም በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ፕሮግራም ይጫናል፣ ዲስክም ይለወጣል፤ የሟች እናት ፎቶግራፍ ግን ከየትም ሱቅ አይገኝም።

ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ፋይሎችን ብቻ ለይቶ በሌላ ዕቃ ላይ መገልበጥ ነው። በዚህ ረገድ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰዎች ፋይላቸውን «ሲ» ከተባለው ክፍል ወደ «ዲ» ገልብጠው መጠባበቂያ ያዘጋጁ ይመስላቸዋል። ሆኖም በአብዛኛው የቤት ኮምፒዩተር ሁለቱ የአንዱ ዲስክ ክፍሎች ስለ ሆኑ አብረው ይሞታሉ፤ ዘሩን በዚያው ጎተራ በሌላው ጥግ እንደ ማስቀመጥ ነው። ቅጂው ከኮምፒዩተሩ ውጭ በሆነ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት። ፍላሽ ደግሞ ትንሽ ስለ ሆነ በቀላሉ ይጠፋል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወርም ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ብቸኛ ቅጂ ባይደረግ ይመረጣል።

ሁለተኛው መንገድ ዲስኩን ከነፕሮግራሙና ከነፋይሉ እንዳለ መቅዳት ነው። ይህ ሙሉ ቅጂ ካለ ኮምፒዩተሩን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ብዙ ቦታ ስለሚወስድ በየቀኑ ሊዘጋጅ አይችልም። ለምሳሌ ያህል፣ እሑድ 80 ጊጋባይት የሆነ ሙሉ ቅጂ ተወሰደ፤ ከሰኞ ጀምሮም በየቀኑ 1 ጊጋባይት አዲስ ሥራ ተጨመረ እንበል። በየምሽቱ የዚያን ዕለት ለውጥ ብቻ ብንቀዳ እስከ ሐሙስ ማታ በጠቅላላው 84 ጊጋባይት እንጠቀማለን። ዓርብ ጧት ዲስኩ ቢሞት ግን አምስቱም ቅጂዎች ያስፈልጋሉ፤ የማክሰኞው ቢበላሽ ከእርሱ በኋላ ያሉት እምነት አይጣልባቸውም። በሌላ በኩል በየምሽቱ ከእሑድ ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ ብንቀዳ 90 ጊጋባይት ይሆናል፤ ለመመለስ የሚያስፈልጉት ግን የእሑዱና የሐሙሱ ብቻ ናቸው። የስድስት ጊጋባይት ልዩነት ለዚህ ደኅንነት ውድ ዋጋ አይመስለኝም።

ሦስተኛው በኢንተርኔት አማካይነት በሩቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቤት ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባ ይህ ቅጂ አይነካም። ዳሩ ግን 100 ጊጋባይት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ቢላክ ከ111 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይኸውም ያለ ማቋረጥ አራት ቀን ተኩል ያህል ነው። ከዚህም ሌላ፣ አንዳንዶቹ አገልግሎቶች በኮምፒዩተሩ ላይ የሆነውን ሁሉ የሚከተሉ ናቸው። እናንተ አንድ ፋይል በስሕተት ብትሰርዙ እዚያም ይሰረዛል። የተሰረዘውን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆይ መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የፒክሳር የፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም በማዘጋጀት ላይ ሳለ፣ በተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ከኮምፒዩተሩ ተሰረዘ። ሠራተኞቹ ወደ መጠባበቂያው ሲሄዱ እርሱም በትክክል እንዳልተቀዳ ተረዱ፤ ማንም ከፍቶ አልሞከረውም ነበር። ሥራውን ያዳነው ልጅ ወልዳ በቤቷ ትሠራ የነበረችው የቴክኒክ ኃላፊ፣ የጌይሊን ሱስማን የቤት ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና ወደ ድርጅቱ ወሰዱት።

እንግዲህ ለአንድ ተራ ቤት ምን ይሻላል? በእኔ አስተያየት ዋናው ቅጂ የውጭ ዲስክ ይሁን፤ ተቀድቶ ሲያበቃም ይነቀል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከ150 በሚበልጡ አገሮች የተዛመተው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰኩትን ዲስኮችም ይቆልፍ ነበር። የማይተኩት ጥቂት ፋይሎች ደግሞ በኢንተርኔት ወይም በዘመድ ቤት በሁለተኛ ስፍራ ይቀመጡ። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ የተቀመጠው በዚሁ መንገድ ነው።

ሙሉ ቅጂ የሚመርጥ ሰው ኮምፒዩተሩ ደኅና ሳለ የማስነሻ ፍላሽ ማዘጋጀት አለበት፤ የሞተ ኮምፒዩተር ቅጂውን በራሱ ሊከፍት አይችልምና። ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት የተዘጋጀ ዕቃ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፣ ሙሉ ቅጂው የሚቀመጥበት ዲስክም በሌላ ሥርዓት መዘጋጀት ይኖርበታል። በዲስኩ ጀርባ ላይ የተቀዳበት ቀን ይጻፍ፤ በወር አንድ ጊዜም ከውስጡ አንድ ጽሑፍና አንድ ፎቶግራፍ በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍተው ይታዩ።