የሮቦቶቹ ጦርነት፦ ከየትኛው ይጀመር?

የጠላት አዛዥ ነፍሱ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። አሁን በቀላሉ ከተነካ ሜዳውን ጥሎ ይሸሻል፤ የያዘውን ገንዘብና ብርቅዬ መለዋወጫም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ምት ማለቅ አለበት። ተጫዋቹ ጊዜውን ወስዶ ጌተር ሮቦ የተባለውን ሮቦት ወደ ፊት ያስጠጋል። በሮቦቱ ውስጥ ሦስት አብራሪዎች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የመንፈስ ኃይል ተሰጥቷቸዋል። አንዱ ምቱ ዒላማውን እንዳይስት ያደርጋል። ሌላው ከቀጣዩ የጠላት ጥቃት ያስመልጣል። ዋናው አብራሪ ደግሞ የጥቃቱን ጉልበት እጥፍ ያደርገዋል። ጨረሩ የሚለቀቀው ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

«ሱፐር ሮቦት ዋርስ» በሚል ስም የሚታወቁት የጃፓን ጌሞች ከ30 ዓመት በላይ የዘለቁት በዚህ ዓይነቱ ልብ አንጠልጣይ ጥንቃቄ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1991 ለጌም ቦይ ወጣ፤ አሳታሚው ባንፕሬስቶ ነበር። ሐሳቡ የልጅ ሕልም ይመስላል። በ1972 የተጀመረው ማዚንገር ዜድ፣ በ1974 የመጣው ጌተር ሮቦና በ1979 የጀመረው ጋንዳም የሦስት የተለያዩ ታሪኮች ሮቦቶች ናቸው፤ ጌሙ ሦስቱን በአንድ ጎራ አሰልፎ አዋጋቸው። በዚያ ጌም አብራሪዎች አልነበሩም፤ ሮቦቶቹ ራሳቸው እንደ ሰው ያስቡና ይናገሩ ነበር። አብራሪዎቹ የመጡት በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ከየትኛውም ፊልም ያልተወሰደው፣ ለጌሙ ተብሎ የተፈጠረው ሳይባስተርም ከአብራሪው ከማሳኪ አንዶ ጋር አብሮ መጣ።

አጨዋወቱ እንደ ዳማ ተራ በተራ ነው። ካርታው በአራት ማዕዘን ቤቶች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሮቦቶቹ ደግሞ በሁለት ወገን ይመደባሉ። እንደ ማዚንገር ያሉት ወፍራም ብረት የለበሱ ናቸው፤ ተመትተው ይቆማሉ፤ ሲመቱም ያደቃሉ። እንደ ጋንዳም ያሉት ቀላልና ፈጣን ስለሆኑ ሕይወታቸው የተመሠረተው ባለመመታት ላይ ነው። ሁሉም ውጊያውን የሚጀምረው በ100 ሞራል ነው። ጠላት በወደቀ ቁጥር ሞራሉ ይጨምራል፤ ከባዶቹ መሣሪያዎችም የሚከፈቱት ሞራሉ 110፣ 120 እያለ ሲያድግ ነው። ማንን ቀድሞ ገዳይ ማድረግ እንደሚገባ ማሰላሰል የጌሙ ግማሽ ደስታ ነው።

አዲስ ሰው ግራ የሚጋባው ገና ስሞቹን ሲያይ ነው። አንዱ በፊደል፣ ሌላው በቁጥር፣ ሌላው ደግሞ በሁለቱም ተሰይሟል። ደግነቱ አብዛኞቹ ለየብቻቸው የቆሙ ታሪኮች ናቸው፤ በ2017 የወጣው ቪ፣ በ2018 የወጣው ኤክስና በ2019 የወጣው ቲ አንዱ ለሌላው ቀጣይ ክፍል አይደሉም። ለጀማሪ የማይመከሩት ረጅም ሰንሰለት ያላቸው ናቸው። የአልፋ ታሪክ ከ2000 እስከ 2005፣ የዜድ ታሪክ ደግሞ ከ2008 እስከ 2015 ተዘርግቷል። ከመካከላቸው ገብቶ መጀመር ያረጀ ጠብ ላይ ሳይጠሩ መድረስ ነው።

ከሁሉ በላይ ምርጫውን የሚወስነው ግን ቋንቋ ነው። በእነዚህ ጌሞች ተጫዋቹ የሚያነብበት ጊዜ ከሚዋጋበት አያንስም። በአንድ ጌም ውስጥ የብዙ ፊልሞች ባለቤቶች ስላሉ ከጃፓን ውጭ የመሸጥ ፈቃዱን ማሰባሰብ ለዓመታት ትልቅ እንቅፋት ነበር። በሩ በሰፊው የተከፈተው «30» የተባለው በኦክቶበር 2021 ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር በኩል ከእስያ ውጭም በእንግሊዝኛ ሲቀርብ ነው። ዋይ የተባለው በኦገስት 2025 ተከተለው። በኮምፒውተር ለሚጫወት ሰው 30 ቀላሉ መግቢያ ነው፤ የውጊያዎቹን ቅደም ተከተል በአብዛኛው ተጫዋቹ ራሱ ይመርጣል፤ ለጀማሪ የተዘጋጀ የክብደት ደረጃም አለው።

ታሪኩ አንድ ወጥ ሆኖ እንዲይዘው የሚፈልግ ግን ቪን ያስቀድም። በውስጡ «የጠፈር የጦር መርከብ ያማቶ 2199» አለ። መርከቧ ምድርን ለማዳን 168,000 የብርሃን ዓመት ወደምትርቀው ኢስካንዳር ትጓዛለች፤ የተቀሩት ጀግኖችም በዚያ ጉዞ ዙሪያ ይሰባሰባሉ። እንግሊዝኛ ያለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቅጂ ነው፤ ጌሙ የሚሠራበት ኔንቴንዶ ስዊች ደግሞ የየትኛውንም አገር ካሴት ይቀበላል።

ከዚህ ውጭ ያለው መለኪያ የልብ ነው፦ ተጫዋቹ የሚያውቀው ሮቦት የትኛው ውስጥ አለ? ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በ1985 በጀመረው «ዜታ ጋንዳም» ፎር ሙራሳሜ የተባለችው ወጣት የጠላት አብራሪ የታሪኩን ዋና ጀግና ካሚዩን ለማዳን ስትል ኪሊማንጃሮ ላይ ትሞታለች። ያንን ያየ ሰው አልፋን ሲጫወት የካሚዩን ሮቦት ወደ እርሷ አስጠግቶ «አነጋግር» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ተገቢው መንገድ ከተያዘ ፎር መሣሪያዋን አዙራ ከእርሱ ጎን ትቆማለች። ፊልሙን ላላየ ሰው አንዲት አብራሪ ተጨመረች፤ ላየ ሰው ግን ለዓመታት የተሸከመው ሐዘን ነው የተነሳለት።

ከፊልሞቹ አንዱንም ለማያውቅ ሰው «ኦሪጅናል ጀነሬሽን» አለለት። ከፊልም የተወሰደ አንድም ሮቦት ስለሌለበት ፈቃድ አላስቸገረውም፤ በ2006 ለጌም ቦይ አድቫንስ በሰሜን አሜሪካ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ሲጀመር ከሁለት አብራሪዎች አንዱ ይመረጣል። ኪዮስኬ ናንቡ ቀዩን አልት አይዘን ይዞ በቀኝ ክንዱ ባለው የብረት ካስማ ጠላትን እየወጋ ፊት ለፊት የሚገባ ወታደር ነው። ሪዩሴ ዳቴ ግን ወታደር አልነበረም። ሮቦት የሚወድ ተማሪ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው የሮቦት ጌም ውድድር ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ነው።