ስለ ሸራ ጀልባ የፊት ሸራ መጠቅለያ አመራረጥና አተካከል

ከጥቂት ወራት በፊት ለንግድ ቤታችን አንድ ደብዳቤ ደረሰ። ላኪው በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በቼዛፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለችው በአናፖሊስ ከተማ የሚኖሩ የቀድሞ ደንበኛችን ናቸው። ርዝመቷ 30 ጫማ የሆነ ያገለገለች የሸራ ጀልባ ገዝተው ኖሮ፣ ለፊት ሸራዋ መጠቅለያ ከሦስት ሻጮች የተቀበሉትን ፕሮፎርማ ልከው የትኛው እንደሚሻል እንድንነግራቸው ይጠይቃሉ። አለቃዬም ጉዳዩን እንድመረምር መሩልኝ። ባሕር በሌለው አገር ተቀምጦ ስለ ሸራ መጻፍ የሚያስቅ ቢመስልም፣ ዕቃን በልክ ማዘዝ የነጋዴ ሁሉ ሥራ ነውና ያገኘሁትን ለክቡራን አንባቢያን አቀርባለሁ።

ከምሰሶው ፊት የሚዘረጋው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ የፊት ሸራ ይባላል። የሚያያዘውም ከምሰሶው ጫፍ እስከ ጀልባው አፍንጫ በተወጠረ የማይዝግ ብረት ሽቦ ላይ ሲሆን፣ ይኸው ሽቦ ምሰሶው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ይዞ የሚያቆመው ነው። ቀድሞ ነፋስ ሲበረታ አንድ ሰው በሚናወጠው አፍንጫ ላይ ወጥቶ፣ ማዕበል እየመታው፣ ሸራውን በእጁ ማውረድ ነበረበት። መጠቅለያው ይህን አደጋ ያስቀራል። ከታች ማጠንጠኛ፣ ከላይ በኩሽኔታ የሚዞር ማያያዣ፣ በመካከልም ሽቦውን አቅፎ የሚሽከረከር ባለ ቦይ የአሉሚኒየም ዘንግ አለው፤ የሸራው ጠርዝ በቦዩ ውስጥ ይገባል። በማጠንጠኛው ላይ የተጠመጠመው ገመድ እስከ መሪው መቀመጫ ይደርሳል። ገመዱ ሲሳብ ዘንጉ ይዞርና፣ ፈትል በቀሰም ላይ እንደሚጠነጠን ሁሉ፣ ሸራው ይጠቀለላል።

ደንበኛችን የላኩት ፕሮፎርማ የአሜሪካውን ሃርከን፣ የስዊድኑን ፈርሌክስና የፈረንሳዩን ፕሮፈርል የሚመለከት ነበር። ሦስቱም ስማቸው የታወቀ ስለሆነ በስም ማበላለጥ አላስፈለገኝም። እኔን ያስደነቀኝ ግን በሦስቱም ወረቀት ላይ ዋጋ እንጂ ልክ አለመጻፉ ነው። መጠቅለያ በጀልባው ርዝመት ብቻ አይታዘዝም። የጀልባዋ ክብደት፣ የፊት ሽቦው ውፍረት፣ ሽቦውን ከላይና ከታች የሚያስሩት ፔርኖዎች ውፍረት፣ ከፔርኖ እስከ ፔርኖ ያለው ርዝመት አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በ6 ሚሊሜትርና በ8 ሚሊሜትር ሽቦ መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው፤ ለመሣሪያው ግን ሌላ ቁጥርና ሌላ ዋጋ ነው። ስለዚህ በካሊፐር ለክተው እንዲልኩልን ጻፍንላቸው።

ሌላው ጥያቄ የአገልግሎቱ ዓይነት ነው። ሸራውን ሙሉ በሙሉ ለመዘርጋት ወይም ለመጠቅለል ብቻ የተሠራ ቀላል መሣሪያ በዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን በብርቱ ነፋስ ሸራውን በከፊል ጠቅልሎ ለመጓዝ አይሆንም። በከፊል የተጠቀለለ ሸራ ደግሞ ሆዱ ስለሚነፋ፣ ሰፊዎቹ በፊተኛው ጠርዙ በኩል ስፖንጅ መሳይ ነገር ይሰፉበታል። ፀሐይ እንዳታበላሸውም ሲጠቀለል ከውጭ በሚቀረው ጠርዝ ላይ መከላከያ ጨርቅ ይደረጋል። እነዚህ ሁለቱ በፕሮፎርማው ውስጥ ስለማይገኙ ገዢው ለብቻ መጠየቅ ይኖርበታል።

ወደ ተከላው ስንመጣ፣ የፊት ሽቦው ከመፈታቱ በፊት ምሰሶው በሌላ ጠንካራ ገመድ ወደ አፍንጫው መታሰር አለበት። ያረጀ ሽቦ ካለ መለወጫው ጊዜ ይህ ነው፤ ዘንጉ ከሸፈነው በኋላ የውስጡን ዝገት የሚያይ የለም። ዘንጉ በሴጌቶ የሚቆረጠው ሁለት ጊዜ ከተለካ በኋላ ነው። ሽቦው በሁሉም አቅጣጫ እንዲወዛወዝ በሁለቱ ጫፎች ተጣጣፊ ማያያዣ ይደረጋል፤ ይህ ከቀረ ሽቦው በአንድ ቦታ እየታጠፈ ይደክማል።

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን ከላይ፣ ከዓይን በራቀው ቦታ ይፈጠራል። ሸራውን የሚያነሣው ገመድ ከፊት ሽቦው ጋር ትይዩ ሆኖ ከወረደ፣ ዘንጉ ሲዞር ገመዱ አብሮ ይጠመጠማል፤ መሣሪያውም ይቆማል። ይህ እንዳይሆን በገመዱና በሽቦው መካከል ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ያስፈልጋል፤ ምሰሶው ይህን ካልሰጠ ገመዱን ወደ ኋላ የሚስብ ማለፊያ ይገጠማል። ሸራው አጭር ከሆነም በላይኛው ጫፉ ላይ የሽቦ ቁራጭ ተጨምሮ ተሽከርካሪው ማያያዣ ወደ ዘንጉ ጫፍ እንዲጠጋ ይደረጋል።

ደንበኛችን ይህን የተማሩት በኪሣራ ነው። ከጀልባዋ ጋር የገዙት አሮጌ መጠቅለያ አንድ ቀን እምቢ ቢላቸው ገመዱን በዊንች አስጨንቀው ሳቡት። ወደብ ደርሰው ሲያስመረምሩ 19 ክር ካለው ሽቦ አራቱ ተበጥሰው ተገኙ። ነፋሱ በርትቶ ቢሆን ኖሮ ምሰሶው በላያቸው ላይ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ገመዱ በእጅ ሲሳብ ከከበደ፣ መሳቡን አቁሞ ወደ ላይ መመልከት ነው።

የማጠንጠኛው ገመድ ወደ ማጠንጠኛው የሚገባው ለፊት ሽቦው ቀጥ ባለ ማዕዘን መሆን አለበት፤ አለዚያ በአንድ ወገን ተከምሮ ይጣበቃል። ሸራው ሁሉ ከተጠቀለለ በኋላም የሸራው መሳቢያ ገመዶች ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪዞሩበት የሚበቃ ጥምጥም ሊተርፍ ይገባል። ታላቅ ማዕበል ከተነገረ ግን ሸራው ፈጽሞ ወርዶ ይቀመጣል።

ልኩ ከአናፖሊስ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰን፤ ሽቦው 7 ሚሊሜትር ነበር። ከሦስቱ ፕሮፎርማዎች አንዱ ለ6 ሚሊሜትር ብቻ የሚሆን መሣሪያ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ከሁሉ ርካሹ ነበር።